ፒያሳ ተሰፍቶ ካሪቢያን ባሕር ላይ የተለበሰ የክት ልብስ

አሜሪካ የሚኖረው ልጃችን እኔንና ባለቤቴን ከማያሚ ተነሥቶ የካሪቢያን ደሴቶችን በሚዞር መርከብ ለሰባት ሌሊት ሊያንሸራሽረን ትኬት ሲቆርጥ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ የልብሱ ነገር ነበር። በእንዲህ ያለ ጉዞ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት የክት ልብስ ምሽት ይኖራል፤ በዚያ ምሽት በዋናው የእራት አዳራሽ ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ፣ ሴቶቹም የግብዣ ቀሚስ ለብሰው ይቀርባሉ። የእኛን ያሰፋነው ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ከምስጋናው ጋር ቅሬታም ስላለኝ የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ሥራውን ግን ለሌላ ተጓዥ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛና ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት አለው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ናቸው። ልብሱ የሚለበሰው ሙቀት ባለበት ባሕር ላይ መሆኑን ስነግራቸው ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ፣ «እህቴ፣ ሙቀቱ እንደ ድሬዳዋ ነው ወይስ እንደ ምጽዋ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነበር። የድሬዳዋ ሙቀት ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይተናል፤ የካሪቢያን ግን እንደ ምጽዋ ወበቅ ስለሆነ ላቡ የሚሄድበት አጥቶ ልብስ ላይ ይቀራል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ለምንኖር፣ ማታ ማታ ሹራብ ለምንደርብ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ለሠርግ የምንለብሰው ወፍራም ሱፍ እዚያ አይሆንም።

«እንደ ምጽዋ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሦስት ዓይነት ጨርቅ አውጥተው እያንዳንዱን ከአፋቸው አስጠግተው እፍ አሉበት፤ ትንፋሻቸው በወዲያኛው በኩል ለያዝኩት እጄ የደረሰው በአንዱ ብቻ ነበር። እሱም በካሬ ሜትር 240 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ሽመናው ሳሳ ያለ ንጹሕ ሱፍ ነው። እኔ ሙቀት ሲባል የተልባ እግር ጨርቅ ይሻላል ብዬ ሄጄ ነበር፤ እርሳቸው ግን የእሱን ጫፍ በጡጫቸው ጨብጠው ጥቂት ቆይተው ሲለቁት ጨርቁ እንደተጨማደደ ቀረ፤ ሱፉ ግን ወዲያው ተዘረጋ። በመርከብ ላይ እሳት ስለሚፈራ በመኝታ ክፍል ውስጥ ካውያ መጠቀም በአብዛኛው የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ከሻንጣ ሲወጣ ራሱን የሚያቃና ጨርቅ መምረጣቸው ትክክል እንደነበር በኋላ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅሬታዬ ስለ ገበሩ ነው። የተስማማነው ኮቱ ትከሻውና እጅጌው ብቻ ገበር እንዲኖረው፣ ጀርባው ግን ባዶ እንዲሆን ነበር። ለመጀመሪያው ልኬት ስንሄድ ኮቱ ከላይ እስከ ታች በፖሊስተር ተገብሮ ጠበቀን። ፖሊስተር ላብ እምብዛም ስለማይመጥና አየር በደንብ ስለማያሳልፍ፣ ከላይ የተመረጠውን መልካም ሱፍ ከንቱ ያደርገዋል። ባለሙያው ስሕተታቸውን ሳይከራከሩ ተቀብለው፣ እዚያው ፊታችን ኮቱን ገልብጠው የጀርባውን ስፌት በምላጭ አንድ በአንድ ፈቱት፤ የውስጡን ጠርዝም በቀጭን ጥብጣብ ከበው መለሱልን። ጀርባው ያለ ገበር ሲታይም ነውር የሌለበት፣ ንጹሕ ሥራ ሆኖ ወጣ። ይሁን እንጂ ይህ አንድ ሳምንት ወሰደ፤ ከዚያ በኋላም ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተላልፏል።

የእኔ ቀሚስ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ልጄ በስልክ ጀርባው ክፍት የሆነ የፈረንጅ ቀሚስ ቢያሳየኝም፣ እኔ ከሽሮ ሜዳ የገዛሁትን መነን ከነጥለቱ ይዤ ቀረብኩ። የአገር ልብስ በእንዲህ ያለ ምሽት ያሳፍራል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ጥብቅ የአለባበስ ሥርዓት ካላቸው የመርከብ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው የብሪታንያው ኩናርድ እንኳ ለክት ልብስ ምሽቶቹ ከቶክሲዶ (በቢራቢሮ ክራቫት ከሚለበሰው የምሽት ልብስ) እና ከጥቁር ሙሉ ልብስ እኩል የየአገሩን የክብር ልብስ ይቀበላል። በስፌት ቤቱ የቀሚሱን ጫፍ ከቁርጭምጭሚት ከፍ አድርገው ዘመዘሙልኝ፤ የመርከብ ደረጃ ብዙ ነው፣ የመርከቡም ወለል አንዳንዴ ይወዛወዛል። በአንገቱ ዙሪያ ያለው ወርቃማ ክር ቆዳ በላብ ሲርስ እንደሚከረክር አስበውም፣ ከሥሩ ለስላሳ የጥጥ ገበር አደረጉበት። ይህን ሳልጠይቃቸው ነው ያደረጉት፤ ለቤቱ ያለኝ አክብሮት የጸናውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ነጠላው ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ ጠቀመኝ። ውጪው ወበቅ ሆኖ ሳለ የእራት አዳራሹ በማቀዝቀዣ ብዛት ቆፈን ነው፤ ትከሻቸው የተራቆተ ሴቶች ሲንቀጠቀጡ እኔ ነጠላዬን ደርቤ እስከ መጨረሻው በምቾት ተቀመጥኩ። ባለቤቴም ከመርከቡ ሰገነት ወደ አዳራሹ፣ ከአዳራሹም ወደ ሰገነቱ ሲመላለስ ኮቱን አንድ ጊዜም አላወለቀም።

ሻንጣን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ወደብ ላይ የሚያስረክቡት ሻንጣ ወደ ክፍል የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ የክት ምሽቱም ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ስለሚውል፣ ቀሚሱንና ኮቱን በእጅ ሻንጣ መያዝ ይሻላል።

ስፌት ቤቱን ለሌሎች እመክራለሁ ወይ ብባል፣ አዎን፣ ግን የገበሩን ዓይነትና ልኩን በደረሰኙ ላይ አጽፎ ቀብድ ለሚከፍልና ጊዜ ላለው ሰው ነው። በካሪቢያን የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት የሚያበቃው በኅዳር ስለሆነ፣ ለጉዞ የሚመረጠው ደረቁ ወቅት ከእኛ የጥር ሠርግ ጋር ይገጥማል፤ በዚያ ሰሞን የሙሽራና የሚዜ ልብስ እስከ ጣሪያው ተሰቅሎ ስላየሁ፣ ለየካቲት ጉዞ ጨርቁን በኅዳር መጀመሪያ ማስረከብ ይበጃል።