ማሚያ አርቢ67 ፕሮ-ኤስ ከስምንት ወር በኋላ፦ ጥፋቱ የካሜራው ሳይሆን የስፖንጁ ነው

ከፎቶው ጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል እየሳሳ የሚሄድ ብርቱካናማ ጭረት ካያችሁ ሌንሱን አትጠርጥሩ፤ ፊልም ያጠበላችሁንም ሰው አትውቀሱ። ማሚያ አርቢ67 በሚባለው የፊልም ካሜራ ላይ እንዲህ ያለው ጭረት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ብርሃን እንዳይገባ ከኋላ የሚገጠመው የፊልም መያዣ በር ዙሪያ ከተለጠፈ፣ ዕድሜው ካለፈ ስፖንጅ ነው። በስምንት ወር 32 ጥቅል ፊልም ያለፈበት ይህ ፕሮ-ኤስ ሌላ የሚወራ ብልሽት አላሳየም። ስለዚህ እዚህ የሚነበበው በአብዛኛው የስፖንጅ ጉዳይ ነው።

ካሜራውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ የመጀመሪያው አርቢ67 በ1970 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ፕሮ-ኤስ በ1974፣ ፕሮ-ኤስዲ ደግሞ በ1990 ተከተሉ። 120 በሚባለው ሰፊ ጥቅል ፊልም ላይ 6 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 10 ፎቶዎች ያነሳል። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ሻተሩ (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል) ሌንሱ ውስጥ ነው፤ ከ1 ሰከንድ እስከ 1/400 ይሄዳል። ፎከስ የሚደረገው በወናፍ፣ ማለትም ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ በሚወስደው ተጣጣፊ ጥቁር እጥፋት ነው። የፊልም መያዣው በተዟሪ ፍሬም ላይ ስለሚቀመጥ ቁም ፎቶ ለማንሳት ካሜራውን ማጋደም አያስፈልግም፤ ጀርባውን 90 ዲግሪ ማዞር ይበቃል። ሌንስና መያዣ ተገጥሞለት ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል።

ስፖንጁ ፖሊዩሬቴን ነው። ጠላቱ አገልግሎት ሳይሆን አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ነው። እርጥበቱ ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፤ መጀመሪያ ይላላል፣ ቀጥሎ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ደርቆ ይፈረፈራል። «ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም፣ እንደ አዲስ ነው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ስፖንጅም በዚያው ዕድሜ ይሞታል። «ተፈትኗል፣ ይሠራል» የሚለውም ቢሆን በተግባር ሻተሩ ቀጭ ማለቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ፊልም ሳይገባበት የተፈተነ የፊልም መያዣ አልተፈተነም። ከሻጭ የሚጠየቀው ፎቶ አንድ ነው፦ የመያዣው በር ተከፍቶ፣ ማጠፊያው በኩል ያለው ስፖንጅ በቅርብ ርቀት የሚታይበት። ያንን የማይልክ ሻጭ ስፖንጁን አይቶታል ብላችሁ ገምቱና ዋጋውን በዚያ ልክ አስቀንሱ።

ደግሞ ሌላ ዓይነት ሻጭ አለ፤ «መያዣው ብርሃን ያስገባል፣ ሌላ ግዛ» የሚል። አትግዙ። የምትገዙት ሁለተኛ መያዣ ዕድሜው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው።

ከመንቀል በፊት ብርሃኑ የሚገባበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። አርቢ67 ለዚህ የሚመች አሠራር አለው። ከሌንሱ የሚገባውን ምስል ወደ መመልከቻው የሚልከው መስታወት ፎቶ ከተነሳ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ በጎን ያለውን ትልቁን ማንሻ እስክትስቡ ድረስ ከላይ እንደተነሳ ይቆያል። ማንሻው ሲሳብ ሻተሩ ይወጠራል፣ መስታወቱ ይወርዳል፣ ከኋላው ያለው መጋረጃም የፊልሙን ክፍል ከወናፉ ይለየዋል። ስለዚህ ወናፉ ቢበሳ ብርሃኑ ፊልሙ ላይ የሚደርሰው መስታወቱ ተነስቶ በቆየባቸው ደቂቃዎች ነው። የመያዣው ስፖንጅ ግን መስታወቱ ቢነሳም ቢወርድም ያሾልካል።

ይህን ለመለየት አንድ ጥቅል ርካሽ ፊልም መሠዋት ነው። የሌንሱን ክዳን እንደገጠማችሁ አንዱን ፍሬም (አንድ ፎቶ የሚይዘውን የፊልም ክፍል) እንዲህ አድርጉት፦ ሻተሩን ወጥሩ፣ ዳርክ ስላይዱን (ፊልሙን የሚጋርደውን ስስ ብረት) ሳቡ፣ ካሜራውን ቀትር ፀሐይ ላይ እያገላበጣችሁ አምስት ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ምቱና (ፎቶ የማንሻውን ቁልፍ ተጫኑና) ፊልሙን አሳልፉ። አንድ ፍሬም ባዶውን ዝለሉ፤ ከበሩ የሚገባ ብርሃን ጎረቤቱንም ይነካልና። በሁለተኛው ፍሬም ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ መጀመሪያ ምቱ፣ መስታወቱ እንደተነሳ አምስት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ይቆይ። በሦስተኛው የመጀመሪያውን ድገሙ፣ ግን መያዣውን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ጠቅልሉት። የመጀመሪያው ተቃጥሎ ሦስተኛው ንጹሕ ከሆነ ችግሩ መያዣው ወይም ተዟሪው ፍሬም ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ሁለተኛው ብቻ ከተቃጠለ ወናፉ ተበስቷል።

ኔጋቲቩንም (የታጠበውን ፊልም) በደንብ እዩት። ጥቁረቱ ከፎቶው ክፈፍ አልፎ ፊልሙ ዳር ድረስ ከወጣ ብርሃኑ የገባው ከመያዣው በኩል ነው። ከወናፉ የሚመጣ ብርሃን በፍሬሙ መስኮት ስለሚያልፍ ከምስሉ ጠርዝ አይወጣም። ፊልሙ ላይ ምስሉ የሚያርፈው ተገልብጦ መሆኑንም አትርሱ፤ ፎቶው ላይ ከላይ የሚታይ ጭረት ካሜራው ላይ የገባው ከታች በኩል ነው። ብዙ ሰው ጤነኛውን ጠርዝ ነቅሎ በሽተኛውን የሚተወው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ፊልሙ የሚጠቀለልበት የውስጥ ክፍል ከመያዣው ይወጣል፤ አውጥታችሁ ራቅ አድርጉት፤ የስፖንጅ ፍርፋሪ ሮለሮቹ ላይ ካረፈ ፊልም ይቧጭራል። ለመፋቅ የእንጨት ስቲኪኒ ብቻ ተጠቀሙ። ብረት ጥቁሩን ቀለም ያነሳል፤ ቀለሙ የተነሳበት ብረት ደግሞ ብርሃን እያንጸባረቀ ሌላ ችግር ይፈጥራል። አልኮሉ አይሶፕሮፒል፣ ቢያንስ 90 ከመቶ የሆነ ይሁን። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፤ ቅሪት ይተዋል፣ አዲሱን ማጣበቂያም አያስይዝም። አሴቶን ጨርሶ አታስጠጉ፤ ቀለምም ፕላስቲክም ያቀልጣል። አልኮሉን በጥጥ ነክራችሁ ስፖንጁ ላይ አስቀምጡና አምስት ደቂቃ ጠብቁ እንጂ አታፍስሱ፤ ወደ ቁጥር ማሳያው ከፈሰሰ አሮጌውን ቅባት አጥቦ ወደማይፈለግበት ይወስደዋል። ከዚያ ስቲኪኒውን ስፖንጁ በተቀመጠበት ቦይ ርዝመት ግፉት፤ ጥቁሩ ሬንጅ ጫፉ ላይ እየተጠቀለለ ይወጣል። በየጥቂት ግፊቱ ጫፉን ጠርጉ፤ አለበለዚያ ያወጣችሁትን መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። አንድ መያዣ ከ20 በላይ ስቲኪኒ ይጨርሳል። ብረቱ ላይ ጥጥ ስታሳልፉ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ አልጨረሳችሁም።

አዲሱ ስፖንጅ ጀርባው ተለጣፊ፣ ጥቁር፣ በቀላሉ የሚታመቅ ይሁን። ማጠፊያው በኩል 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ጠባቦቹ ቦዮች ላይ 1 ወይም 1.5 ይበቃል። ወፍራም የተሻለ ይጋርዳል ማለት ስህተት ነው፤ በሩ በኃይል ከተዘጋ መቆለፊያው ሙሉ በሙሉ አይያዝም፣ በሩም ከመሃል ይነፋል፤ ከበፊቱ የባሰ ብርሃን ይገባል። በአዲስ ምላጭ፣ በብረት ማስመሪያ አንድ ጊዜ ቁረጡ። ተለጣፊውን ጎን በትንሹ በውኃ አርጥቡት፤ ያኔ ወዲያው አይዝም፣ በስቲኪኒ እየገፋችሁ ቦታው ላይ ታስተካክሉታላችሁ። በጣም ጠባብ ለሆነው ቦይ ጥቁር የሱፍ ክር ጥሩ ነው፤ ሱፍ እንደ ስፖንጁ ቀልጦ ሬንጅ አይሆንም። ተዟሪው ፍሬም ላይ መያዣው የሚያርፍበትን ዙሪያም አትዝለሉ። ሰው መያዣውን አድሶ ይህን ይተወዋል፣ ከዚያ «አልሠራም» ይላል።

ዳርክ ስላይዱ የሚገባበት ስንጥቅ ለብቻው ነው። ውስጡ ያለው ስፖንጅና ስስ መግፊያ ስላይዱ ሲወጣ ስንጥቁን ይዘጋሉ። ሽፋኑ በትናንሽ ብሎኖች ተይዟል፤ የጃፓን መስቀል ብሎኖች ስለሆኑ ተራ ካቻቢቴ አፋቸውን ይበላዋል። ለጃፓን ብሎን የተሠራውን ፈልጉ። ስፖንጁን ቀይራችሁ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ ስላይዱን አታስገቡ፤ ማጣበቂያውን ጎትቶ ፊልሙ ፊት ያደርሰዋል። ከዚያ የሦስቱ ፍሬም ፈተና ይደገማል።

ወናፉ ከሆነ የተበሳው፣ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ እጥፋቱ ማዕዘን ላይ ነው። ካሜራውን ምቱ፣ ስላይዱን አስገብታችሁ ጀርባውን አውልቁ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከውጭ በባትሪ እያበራችሁ ከኋላ ተመልከቱ፤ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ወናፉን ዘርግታችሁ በስሱ በሚለጠጥ ጥቁር የጨርቅ ቀለም ድፈኑት፤ ሳይደርቅ አታጥፉት።

የቀረው ምን ይባላል? ሌንሱ ስል ነው፣ ሻተሩ ይታመናል። ተጠግቶ ለሚያነሳ ግን አንድ ነገር፦ ወናፉ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ 46 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ በ90 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህ ከአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ ከመቀነስ) ትንሽ የሚበልጥ ብርሃን ይበላል፣ በ127 ደግሞ አንድ ስቶፕ ለመሙላት ትንሽ ነው የሚቀረው። በካሜራው ጎን ያለው ሰንጠረዥ የተሠራው ለዚህ ነው፤ አንብቡት።

ይህን ካሜራ አልሸጥም፤ ዛሬ ባይኖረኝ ነገ መልሼ እገዛው ነበር። ጥቂት ግራም ስፖንጅ አርጅቷል ተብሎ እንዲህ ያለ ማሽን «ብልሹ» ሲባል መስማት ያናድዳል። ሁለተኛው መያዣ ላይ ያለው ስፖንጅ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ የተቀየረ ነው። ጣት ሲጫነው አሁንም ይመለሳል፣ ማጠፊያው ጫፍ ላይ ግን መጣበቅ ጀምሯል። ክረምት ሳይገባ ይነቀላል።