ለቧንቧ ብርድ መከላከያ የቱ ይሻላል? መጠቅለያ ወይስ ማሞቂያ ገመድ

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቧንቧ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በረዶው የሠራበት ቦታ ላይ አይደለም። በረዶው መንገዱን ሲዘጋ፣ በእሱና በተዘጋው ሩቢኔቶ መካከል የታፈነው ውሃ መሄጃ ያጣል፤ ቧንቧውን የሚሰነጥቀው ያ ግፊት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም መከላከያ ከመግዛትዎ በፊት ቧንቧዎ ውስጥ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆምበትን ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጉ።

የፎም መጠቅለያ ርካሽ ነው፤ ጎኑ የተሰነጠቀ ስለሆነ ማንም ሰው በቢላ እየቆረጠ ያለብሰዋል። ነገር ግን ሙቀት አያመነጭም፣ ያለውን ያቆያል እንጂ። ሙቀት በሚገባው ቤት ውስጥ፣ በውጭ ግድግዳ በኩል ላለፈ ቧንቧ ይበቃል። ማሞቂያ በሌለው ምድር ቤት ወይም ከኮርኒስ በላይ ላለ ቧንቧ ግን ብርዱ ለቀናት ከቀጠለ በረዶውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሲገዙ የቧንቧውን የውጭ ዲያሜትር ለክተው ይሂዱ፤ የሰፋ ፎም በውስጡ አየር ያስገባል። ጎሚቶዎቹ (የቧንቧው መታጠፊያዎች) ላይ ክፍተት እንዳይቀር በቴፕ ይዝጉ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እነሱን ነው። ጎሚቶ ለሚበዛበት መስመር ከተራው ፎም ይልቅ እንደልብ የሚታጠፈውን የጎማ ፎም እመርጣለሁ።

ቧንቧው ላይ የሚታሰረው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሞቂያ ገመድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱንም በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ርካሹ በሙሉ ርዝመቱ እኩል ይሞቃል። አይቆረጥም፤ በራሱ ላይ ከተደራረበ ደግሞ ከመጠን በላይ ግሎ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ቴርሞስታት (ሙቀት እየለካ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) ቢኖረውም የሚያነበው የተቀመጠበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ በጣም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ መታሰር አለበት። ሁለተኛው ራሱን የሚቆጣጠረው ነው። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ካርቦን የተቀላቀለበት ፕላስቲክ አለ፤ ሲቀዘቅዝ ብዙ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ግድግዳውን የሚነካው ክፍል ሲሞቅ፣ ነፋስ የሚያገኘው ክፍል የበለጠ ይሠራል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም እንቅልፍ የሚሰጠኝ ይህኛው ነው።

የትኛውንም ገመድ ቢገዙ ቧንቧዎ ፕላስቲክ ከሆነ ለፕላስቲክ መፈቀዱን ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። በኤክስቴንሽን አይሰኩት። ከላዩ ፎም ማልበስ የሚቻለውም አምራቹ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ከተፈቀደ ግን ያልብሱት፤ መብራት ሲጠፋ ገመዱ ይቆማልና።

ሩቢኔቶን በቀጭኑ እያንጠባጠቡ ማሳደር ግፊቱን ያስተነፍሳል፤ ውሃ ስለሚያባክን ግን ለከፋ ሌሊት ብቻ ይሁን።

ቤቱን ለሳምንታት ዘግተው የሚሄዱ ከሆነ ምንም መግዛት አያስፈልግዎትም። ዋናውን ቫልቭ ይዝጉ፤ ሩቢኔቶዎቹን ሁሉ፣ ታችኛውንም ጭምር፣ ከፍተው ውሃውን ያፍስሱ፤ የሽንት ቤቱንም ታንከር ባዶ ያድርጉ።