በጅማ የጄሊፊሽ መከላከያ ልብስ ለሰፉልን ሐጂ ምስጋናና ጥቆማ

ጅማ ሆናችሁ ወደ ጅቡቲ፣ ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ባሕር ውስጥ ገብታችሁ ዓሣና ኮራል ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ሂርማታ መርካቶ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ለእኔና ለእህቴ ከራስ እስከ እግር ጣት የሚሸፍን የዋና ልብስ ሰፍተውልናል። ያንን ለብሰን ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዋኝተን፣ በዙሪያችን ጄሊፊሽ የሚባለውን ገላ የሚያቃጥል የባሕር ፍጥረት እያየን፣ በሰላም ወጥተናል። ምስጋናዬን በስልክ ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ከተማችን ውስጥ መኖሩን ሌላውም ይወቅ ብዬ ነው የምጽፈው።

እህቴ ጅቡቲ ነው የምትሠራው። ባለፈው ዓመት በቲሸርትና በቁምጣ ገብታ ጄሊፊሽ ክንዷንና ጭኗን ክፉኛ አቃጥሏት ነበር። ቀይ ሰንበሩ ቶሎ አልለቀቃትም። ሆኖም ባሕሩን ልትተወው አልቻለችም፣ እኔም እንድመጣ ትወተውተኝ ነበር። ምክንያቷም አላት። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አርታ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሰው አይነካም፤ ምግቡ ውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ችግሩ እነሱ በበዙበት ጄሊፊሽም ሊበዛ መቻሉ ነው፤ እሱም የሚመገበው ከዚያው ነውና። ዌል ሻርክ ለማየት ጥሩ የሚባለው ቦታ ገላን ለማቃጠል የተመቸ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ጄሊፊሽ አይናከስም። ጥርስ የለውም፣ አእምሮም የለውም፣ ገላው ከሞላ ጎደል ውኃ ነው። የሚያቃጥለው ከሥሩ በተንጠለጠሉት ክሮች ነው። ክሮቹ ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ከረጢቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ መርዝ የሚያስገባ ቀጭን መውጊያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቆዳችን ሲነካቸው መውጊያው ይተኮሳል። በተፈጥሮ ውስጥ ከሚታወቁት እጅግ ፈጣን እንቅስቃሴዎች አንዱ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሲነካኝ እሸሻለሁ ማለት ከንቱ ነው። ሞቶ አሸዋ ላይ የወደቀውም፣ ተበጥሶ ለብቻው የሚንሳፈፈው ክርም ያቃጥላል። ደግነቱ መውጊያው በጣም አጭር ነው። ቀጭን ጨርቅ እንኳ መሃል ከገባ ብዙውን ጊዜ ቆዳ ላይ አይደርስም። አውስትራሊያ ውስጥ ቦክስ ጄሊፊሽ የሚባል ሰው የሚገድል ዓይነት አለ፤ እዚያ የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች ለዚሁ የተሠራ ልብስ ከመምጣቱ በፊት የሴቶች ስቶኪንግ ይለብሱ ነበር። ዛሬ በዚያው አገር በሰሜን ኩዊንስላንድ ከኅዳር እስከ ግንቦት ሙሉ ገላ የሚሸፍን፣ ሊክራ ከሚባል የሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራ ልብስ መልበስ የተለመደ ነው።

ይህንን ሁሉ ለሐጂ አጫወትኳቸው፤ ስቶኪንግም ይዤ ሄጄ ነበር። ለጠጥ አድርገው ወደ ብርሃን ያዙት፣ ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዚያ «እንግዲህ ጠላታችን መርፌ ነው፤ መርፌ የሚገባበትን እንዝጋ» አሉኝ። ባሕር አይተው አያውቁም፤ እንዲህ ያለ ልብስም ሰፍተው አያውቁም። ግን የሚጠይቁት ጥያቄ! እጅሽን ወደ ላይ ስትዘረጊ እጅጌው ስንት ይሸሻል? አንገትሽን ስታዞሪ የቱ ጋ ይከፈታል? እግርሽን ስታራግቢ ሱሪው ወደ ላይ ይሰበሰባል ወይ? እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ቆሜ የዋና እንቅስቃሴ እንዳሳያቸው አደረጉኝ። በቆምኩበት ብቻ ቢለኩኝ ኖሮ ልብሱ ውኃ ውስጥ አንጓዬንና ቁርጭምጭሚቴን ገልጦ ይተወው ነበር።

ጨርቁን አብረውኝ ዞረው መረጡ። ጥጥ አይሆንም አሉ፤ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይንጠለጠላል። የሚለጠጥና ወደ ቅርጹ የሚመለስ፣ ሽመናው ጥብቅ የሆነ ጨርቅ ነው የያዝነው። ቀለሙ ደማቅ ብርቱካናማ እንዲሆን እኔ ነኝ የጠየቅሁት፤ ጀልባ የሚነዳ ሰው ከሩቅ እንዲያየን ነው። ልብሱ ገላ ላይ ልክክ ማለት አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ክሩም ሆነ ደቃቅ የጄሊፊሽ እጭ ውስጡ ይገባና በጨርቁና በቆዳው መካከል ተጨፍልቆ ያቃጥላል። ሐጂ ይህን ሲሰሙ የሰፉትን ፈትተው እንደገና አጠበቡት፤ አልጠየቅኳቸውም። እጅጌው ጫፍ ላይ የአውራ ጣት ማስገቢያ ቀዳዳ አወጡ። ሱሪው በእግር ሥር በሚያልፍ ላስቲክ ተያዘ። ዚፑ ከውስጥ በኩል ሌላ ጨርቅ ተደረበለት። ኮፍያው ከአንገቱ ጋር አንድ ላይ ተሰፋ። በተረፈው ጨርቅ ካልሲና ጓንት ሠሩልን፤ ለዚህ አልከፈልንም። ስፌቱ ሲለጠጥ እንዳይበጠስ ዚግዛግ ነው የመቱት፣ ጠርዙ ደግሞ በኦቨርሎክ።

አንድ ነገር ግን በጣም ነው ያስደነቀኝ። የዋና መነጽሩን ይዘሽ ነይ ብለው አስመጡኝና ፊቴ ላይ አድርገው የኮፍያውን ጠርዝ በዚያ ልክ ቆረጡት። የመነጽሩ ላስቲክ ጠርዝ ቆዳ ላይ ካላረፈና ጨርቅ ከነካ ውኃ ያስገባል። ይህን ማንም አልነገራቸውም፤ በእጃቸው ዳስሰው ነው የደረሱበት። በገንዘብ የተገዛ ዝግጁ ልብስ እንዲህ በሰው ፊት ልክ አይቆረጥም።

ባሕሩ ላይ እንዴት ሆነ? እኔ ስኖርክል በሚባለው የመተንፈሻ ቱቦ ላይ ላዩን ነበርኩ፤ እህቴ ኦክስጅን በሚሉት የአየር ጋን ጠልቃ ትዋኛለች። እሷ ከዳይቪንግ ማዕከሉ የተከራየችው ወፍራም ልብስ እጅጌውም ሱሪውም አጭር ስለነበር የሐጂን ልብስ ከሥር ለበሰችው። ካልሲው ለእኔ ትልቅ ነገር ሆነልኝ፤ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለው የዋና ጫማ እግሬን እንዳይልጠው ከማድረጉ ሌላ አሸዋው ላይ ሳርፍ አልፈራሁም። ቀይ ባሕር አካባቢ ካሲዮፔያ የሚባል ጄሊፊሽ አለ፤ ጥልቀት በሌለው ቦታ ተገልብጦ አሸዋ ላይ ይተኛል፤ ሳትነኩትም የሚለቀው ልጋግ ቆዳ ያቃጥላል። እህቴ ከጥልቁ ስትወጣ ቀና ብላ እያየች፣ አንድ እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ ነው፤ ጠላቂዎች ሁሉ እንዲያ ቢያደርጉ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጄሊፊሽ የሚንሳፈፈው ላይኛው ውኃ ላይ ነውና።

እህቴን አገጯ ላይ ጫር አድርጓታል። ያ ቦታ ብቻ ነበር የተገለጠው። ልብሱ ላይ ስንት ክር እንዳረፈ ግን ማን ያውቃል። ወዲያው በባሕር ውኃ አጠብነው፣ የቀረውን ክር በወረንጦ አነሳን፣ ከዚያ ፔርሙስ ውስጥ ይዘን በሄድነው ሙቅ ውኃ ጨርቅ እየነከርን ያዝንላት። እስከ 45 ዲግሪ የሚሆን፣ የማያቃጥል፣ ለ20 ደቂቃ ያህል፤ ሙቀቱን መጀመሪያ ባልተነካ እጅ መሞከር ነው። በአሸዋ አትሹት፣ ጨው በሌለው ቀዝቃዛ ውኃም አትጠቡት፣ ሽንት የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ያልተተኮሱትን ከረጢቶች ሊያስተኩስ ይችላል። አቼቶ ለቦክስ ጄሊፊሽ ይታዘዛል፤ ብሉቦትል ለሚባለው ሰማያዊ ዓይነት ግን አውስትራሊያ ውስጥ አይመከርም፤ ስለዚህ የምትሄዱበት ባሕር ምን እንዳለ እዚያው ያሉትን ጠይቁ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከጨመቀ፣ ፊት ካበጠ ቤት ውስጥ መጠበቅ የለም፤ ሆስፒታል ነው። ከመግባት በፊት የሚቀባው የጄሊፊሽ ቅባትም ቃጠሎውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም፤ ቫዝሊን ላይ ደግሞ አትተማመኑ። ከባሕር ወጥታችሁ ሻወር ስትገቡም ልብሱን አስቀድማችሁ አውልቁ፤ ጨርቁ ላይ የቀረው መውጊያ ጨው በሌለው ውኃ ሊተኮስ ይችላል።

ሐጂ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እህቴም ጅቡቲ ሆና ከልብ ታመሰግንዎታለች፤ አብረዋት የሚሠሩትም የት አሰፋሽው እያሉ እየጠየቋት ነው።

ልታሰፉ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ ማውጣት አልፈለግኩም። ዋጋቸው ከአንድ ጥሩ ቀሚስ ስፌት ብዙም አይርቅም። ጨርቅ ብቻችሁን አትግዙ፣ እሳቸው ይምረጡላችሁ። መነጽራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፤ ኢድ ሲቃረብ ደግሞ ሥራ ስለሚበዛባቸው ከዚያ በፊት ቀድማችሁ ንገሯቸው። ልብሱ እስኪስተካከል ደጋግመው ስለሚለኩ ጉዞው ነገ ነው ብላችሁ እንዳታስጨንቋቸው።