ለበጎ ፈቃደኛው የቱ ይሻላል፦ አዳራሽ ወይስ ተራራ?

እ.ኤ.አ. በ2024 ደቡብ ኮሪያ ባስተናገደችው የክረምት ወጣቶች ኦሎምፒክ የበረዶ ላይ ስኬቲንግና ሆኪ ውድድሮች በባሕር ዳርቻዋ ጋንግኑንግ ከተማ አዳራሾች፣ የስኪ (ረጅም ሰሌዳ እግር ላይ አስሮ በበረዶ የመንሸራተት) ውድድሮች ግን በተራሮች ላይ ስለተካሄዱ፣ የበጎ ፈቃደኛው ውሎ እንደ ምድቡ ይለያይ ነበር።

ወጪ፦ ጋንግኑንግ ከሴኡል በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ስለምትርቅ መመላለሱ አይከብድም። ተራራው ውኃ የማያስገባ ጫማና ድርብ ካልሲ ይጠይቃል።

ድካምና አደጋ፦ አዳራሽ ውስጥ ሥራው በአመዛኙ ትኬት ማየትና ተመልካችን ወደ መቀመጫው መምራት ሲሆን፣ ብዙ ከማውራት በቀር የሚያስቸግር ነገር የለውም። ተራራ ላይ የመገናኛ ሬዲዮውን ቁልፍ ለመጫን ጓንት ያወለቀ ሰው ጣቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል፤ የስልኩም ባትሪ በብርዱ ቶሎ ያልቃል።

ስኪ ለሚችልና ብርድ ለለመደ፣ በእኔ ግምት፣ ተራራው ይሻላል፤ ቋንቋ ለሚያውቅና ሰው ማነጋገር ለሚወድ ደግሞ አዳራሹ።