ሬስክዩዚላን በሰኔ ግርግር ሞከርኩት

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፕሪንት ቤት አለችኝ። ሰኔ ሲመጣ ተማሪው ቴሲሱን ይዞ ይሰለፋል፤ ያኔ ኮምፒውተር መቆም የለበትም። የኔው ግን አምና በሰኔ ቆመ። ያቆምኩትም ራሴ ነኝ። ፍጥነት ይጨምራል የተባለ አንድ ማጽጃ ፕሮግራም (ስሙ ይቅር) አስነሳሁና ሁሉንም አጽዳ አልኩት። አጸዳልኝ! ሰነዶቼ አልተነኩም። የጠፋው ሌላ ነው፦ የግዕዝ ኪቦርዱ፣ የሦስቱ ፕሪንተሮች ሴቲንግ፣ ለየዲፓርትመንቱ ያዘጋጀሁት የወርድ ቴምፕሌት። ደንበኛ ቆሞ እያየኝ ማርጂን ሳስተካክል ዋልኩ።

ሰው ባክአፕ ሲባል ሰነድ ብቻ ይመስለዋል። ሰነድማ ፍላሽ ላይም ይገለበጣል። ሴቲንጉ ግን ግማሹ የዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ ነው፣ ግማሹ በተደበቀ ፎልደር። አንድ በአንድ ልልቀም ቢሉት አያልቅም።

ዘንድሮ ዲስኩ ቅጭ ቅጭ ማለት ሲጀምር የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ከፈትኩ። የማስጠንቀቂያ ቢጫ አሳየኝ። የዊንዶውስን ዲስክ መጠገኛ፣ ቼክ ዲስክን፣ ከመንካቴ በፊት ሬስክዩዚላን አወረድኩ፤ ዲስኩን ከነሴቲንጉ እንዳለ ባክአፕ የሚያነሳ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፤ ምዝገባ የለ፣ ክራክ ፍለጋ የለ። ፍላሽ ላይ ይጫንና ኮምፒውተሩ በዊንዶውስ ፈንታ በሱ ይነሳል። የኔ ኤችፒ ስለሆነ ሲበራ ኤፍ 9 ነው የምጫነው። ዋናው ገጽ ላይ ትልልቅ ቁልፎች ተደርድረዋል፦ ባክአፕ፣ ሪስቶር፣ ክሎን፣ ቬሪፋይ። ይህንኑ ሥራ ከሚሠራው ከክሎንዚላ ጥቁር ስክሪን ጋር የታገለ ሰው ይህን ሲያይ እፎይ ይላል። የሁለቱ ባክአፕ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ይከፍተዋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ጠፋሁ ቢልም በፋስት ስታርትአፕ ምክንያት በደንብ አይጠፋም፤ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛው። በዚያ ሁኔታ ባክአፕ ማንሳት ችግር ያመጣል። ሺፍትን ተጭኖ ሹት ዳውን ማለት ይበቃል።

ዲስኬ 500 ጊጋ ነው፣ የተያዘው 140 ገደማ። ባዶውን ቦታ አይገለብጥም፣ የተያዘውንም አምቆ ነው የሚያስቀምጠው። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጅቶ ኤክስተርናል ዲስኬ ላይ 85 ጊጋ ሆኖ ተቀመጠ። የመብራቱን ነገር ስለማውቀው ዩፒኤሱን ቀድሜ ሞልቼ ነበር። ሲያልቅ ቬሪፋይ አልኩት። ይህቺን እንዳትዘሏት፤ የማይከፈት ባክአፕ ይዞ መተኛት ከሌለው አይሻልም።

ማታ ቼክ ዲስክን በ«አር» አዘዝኩት። ሲ ድራይቭ ሥራ ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ልሥራው ወይ ብሎ ይጠይቃል። «ዋይ» (አዎ) ብዬ፣ ሪስታርት አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። «አር» ሴክተሩን ሁሉ እያነበበ የተበላሸውን ይፈልጋል፤ ለደከመ ዲስክ ከባድ ሥራ ነው። ጠዋት ስመጣ ፐርሰንቱ አንድ ቦታ ተገትሯል። ከሰዓት በኋላ ዲስኩ ባዮስ ላይም አልታይ አለ። በቼክ ዲስክ አልፈርድም፤ ሽማግሌውን እንጦጦ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድሜን ኤስኤስዲ ገዝተህ ና አልኩት። 480 ጊጋ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ የያዝሽው 140 አይደል? ይተርፍሻል እኮ።»

እኔም አመንኩ። ግን የሚመለስበት ዲስክ ከድሮው እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት፤ የተያዘውን አይቶ አያዝንም። ለ20 ጊጋ! ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። ልጁ በፀሐይ ተመልሶ፣ ልዩነቱን ከፍሎ በ512 ቀየረው።

ቅሬታ አለኝ? አለኝ። ከዊንዶውስ ውስጥ አይሠራም፣ ስለዚህ ሥራ ማቆም ግድ ነው። የተቀየረውን ብቻ ለይቶ አይጨምርም፤ በየጊዜው ከሀ እስከ ፐ ይገለብጣል። ሪስቶር ሲደረግ ደግሞ ዲስክ ተሳስቶ የመረጠ ሰው አለቀለት፤ የነበረውን ጠርጎ ነው የሚጽፍበት። እኔ ባክአፑ ካለበት በቀር ሌላውን ዲስክ ሁሉ ነቅዬ ነው የማስጀምረው።

የዊንዶውስ ሲስተም ሪስቶርስ ለምትሉኝ፦ አዲስ ድራይቨር ከመጫኔ በፊት እሱን እጠቀማለሁ፣ ፈጣን ነው። መጀመሪያ ግን መከፈቱን እዩ፣ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። በዚያ ላይ መመለሻውን የሚያስቀምጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይቀበራል።

512ቱ ላይ ሪስቶር ያደረግኩት በግማሽ ሰዓት ነው። ዊንዶውስ ተነሳ። ኪቦርዱ አለ፣ ፕሪንተሮቹ አሉ፣ ቴምፕሌቶቹ አሉ። ስክሪኑ ላይ የለጠፍኩት የዱቤ ዝርዝር ሳይቀር አለ። ኮምፒውተሩ ሞተ ሲባል ደስ ያላቸው ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ አንደኛው ትናንት መጥቶ ከፈለ።