ከድረ ገጽ ሲጠራ እምቢ ያለንን ትዕዛዝ ላስተካከሉልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በጅማ ሄርማታ አካባቢ በሚገኘው የቡና መረከቢያችን፣ የአቅራቢዎችን የርክክብ ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው፣ በድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋው ፒኤችፒ የተጻፈው ፕሮግራም ቡና በብዛት በሚገባበት ወቅት ሥራ ባቆመ ጊዜ የደረሱልንን፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚሠሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ተመሳሳይ ችግር ለገጠማችሁም እጠቁማለሁ።

ሰነዱን የሚቀይረውን የቢሮ ፕሮግራም ሊብረኦፊስን የሚጠራው ትዕዛዝ በተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ሲጻፍ ሰነዱን ወዲያው ይቀይራል፤ ያው ትዕዛዝ «ሼል_ኤክሴክ» በተባለው የፒኤችፒ ፈንክሽን አማካይነት ከድረ ገጹ ሲጠራ ግን ፋይልም የስህተት መልእክትም አይሰጥም ነበር። ቀደም ሲል ያማከርነው ሰው ሰርቨሩ እንደ አዲስ ካልተጫነ አይሆንም ብሎን ነበር።

ባለሙያው አስቀድመው ያደረጉት በትዕዛዙ መጨረሻ ላይ «2>&1» መጨመር ነው፤ ይህም የስህተቱን መልእክት ከመደበኛው ውጤት ጋር አብሮ ያወጣዋል፤ ሼል_ኤክሴክ የሚመልሰው መደበኛውን ውጤት ብቻ ስለሆነ፣ ስህተቱ እስከዚያ ድረስ ለእኛ አይታይም ነበር። ቀጥለውም «ሁአምአይ» የተባለችውን፣ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ የምትናገር አጭር ትዕዛዝ በዚያው ድረ ገጽ በኩል አስኬዱና፣ ሥራውን የሚያከናውነው እኛ የምንገባበት ተጠቃሚ ሳይሆን የድር ሰርቨር ፕሮግራሙ አፓቼ ኡቡንቱ በተባለው ሲስተም ላይ የሚሠራበት «ደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ» መሆኑን አሳዩን። ሊብረኦፊስ ሲነሣ የራሱን ቅንብር የሚጽፍበት ፎልደር ይፈልጋል፤ የዚህ ተጠቃሚ ሆም ፎልደር ግን ባለቤትነቱ የሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ ተጠቃሚ) ስለነበር መጻፍ ተከልክሎ ኖሯል። ስለዚህ አንድ ፎልደር ለብቻው ከፍተው ባለቤትነቱን ለዚያ ተጠቃሚ ሰጡ፤ በትዕዛዙም ውስጥ «ሆም» የሚለው ተለዋዋጭ ወደዚያ እንዲያመለክት አደረጉ። የድር ሰርቨሩ ፓዝ (ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ከተርሚናሉ ሊለይ ስለሚችል የፕሮግራሙንም ሙሉ አድራሻ ጻፉ።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ያልተስማሙበት ነገር ነው። የፎልደሩን ፈቃድ በ777 ለማንኛውም ተጠቃሚ ከፍተን እንገላገል የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ቢነሣም፣ ለድር ሰርቨር እንዲህ ያለ ፈቃድም ሆነ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) መስጠት በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው ብለው አልተቀበሉም። ሳንጠይቃቸውም ሴሚኮለን ያለበት የፋይል ስም አስገብተው፣ ከሴሚኮለኑ በኋላ ያለውን ሼሉ (ትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) እንደ ሌላ ትዕዛዝ ሲፈጽመው አሳዩንና ስሙ እንደ ትዕዛዝ እንዳይነበብ «ኢስኬፕሼልአርግ» በተባለው ፈንክሽን እንዲያልፍ አደረጉ፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ መረከቢያ ይደርሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዋጋቸውን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፤ የለወጡትንም ሁሉ በጽሑፍ ያስረክባሉ። ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀጠሮ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ወደ እሳቸው ስትሄዱም የአፓቼን የስህተት መዝገብ ሳትሰርዙ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።