ባለ 2,000 ሊትር ታንከር ለዝናብ ውሃ፦ ፕላስቲኩ ደህና፣ አሸንዳው ደካማ

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ጥቁር ሮቶ አቁሟል። አብዛኛው የተገዛው በፈረቃ የሚመጣውን የመስመር ውሃ ለማጠራቀም ነው። «የዝናብም ይይዛል» ተብሎ ሲሸጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ የሚገዛው ታንከሩ ብቻ ሳይሆን አሸንዳው፣ ቱቦውና መቆሚያውም ጭምር ነው። እዚህ የምናየው ባለ 2,000 ሊትሩን ከነአሸንዳውና ከነ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦው ነው። ዋጋ አልጻፍንም፤ ጽሑፉ ተነቦ ሳያልቅ ያረጃል።

መጀመሪያ ሒሳቡ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚፈናጠረውንና የሚተነውን ቀንሰን 85 በመቶው ይገባል ብንል፣ 60 ካሬ ጣሪያ ያለው ቤት 39 ሚሊ ሜትር ሲዘንብለት ታንከሩ ይሞላል። አዲስ አበባ ዙሪያ በሐምሌ ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚጥል፣ በዚያ ወር አምስት ጊዜ መሙላት ይቻላል። ችግሩ ከመስቀል በኋላ ነው። አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም ሙሉ ታንከር የሚቆየው 20 ቀን ነው። ስለዚህ ክረምቱን ወደ በጋ ያሻግረኛል ብሎ የሚገዛ ሰው ይከፋዋል። የፈረቃን ክፍተት ግን በደንብ ይሸፍናል። በበልግ ዝናብ መሐል መሐሉን እሞላዋለሁ ማለትም አስተማማኝ አይደለም፤ በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም በብዙ የአገሪቱ ክፍል እንደከሸፈ የሚረሳው የለም። አቅም ያለው ባለ 10,000 ይግዛ፤ በዚያው አጠቃቀም 100 ቀን ይዘልቃል።

ታንከሩ ራሱ ብዙ አያስወቅስም። ሻጩ «ሦስት ንብርብር ነው» ይላል፤ ማረጋገጫው ቀላል ነው። አመሻሹ ላይ የስልክ ባትሪ አብርቶ በገመድ ወደ ውስጥ ማውረድ ነው። ከውጭ ብርሃኑ ወገግ ብሎ ከታየ ግድግዳው ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃን ከገባ ደግሞ ውሃው ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ያድጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ፕላስቲክን አጥብቆ ስለሚጎዳ፣ ቀለል ያለውን ርካሽ ታንከር ባይመርጡ ይሻላል።

አሸንዳው ላይ ግን ዝም ብለን አናልፍም። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል፤ ስለዚህ ሙቀት ሲጨምር ዶፉም ይበረታል። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውል የነበረው ዝናብ በግማሽ ሰዓት ዶፍ ሆኖ ሲወርድ፣ የዓመቱ ድምር ባይጨምር እንኳ አሸንዳው በአንዴ የሚቀበለው ይበዛል። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር በሚወርድ ዶፍ 60 ካሬ ጣሪያ በደቂቃ 100 ሊትር ይለቃል፤ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደቂቃ ማለት ነው። ቆርቆሮ ቤቶቹ በልማድ የሚያጥፉት የ10 ሳንቲ ሜትር አሸንዳ፣ በተለይ ያለ ተዳፋት ሲሰቀል፣ ይህን አይችልም፤ መሐሉ ላይ ሞልቶ በግድግዳው ይወርዳል። ሲያሳጥፉ ወርዱን 15፣ ጥልቀቱን ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያስደርጉ። የውጭው ከንፈር ከውስጡ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ያኔ ከሞላም የሚፈሰው ወደ ግቢ ነው፣ ወደ ኮርኒስ አይገባም። ተዳፋቱ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ማሰሪያው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ካልሆነ በረዶ የጣለ ቀን አሸንዳው ይጎብጣል፤ የተከመረው በረዶ መውረጃውን ሲደፍነው ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በጣሪያው ሥር ይገባል። መጋጠሚያው 10 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ በሪቬትና በሲሊኮን ይያዝ። ብየዳ አይሁን፤ ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል።

አንድ ስህተት ደግሞ በየሰፈሩ ይታያል። ታንከሩ ከጣሪያው በላይ በብረት ማማ ላይ ይሰቀልና አሸንዳ ይገዛለታል። ውሃ ሽቅብ አይወጣም። የታንከሩ አፍ ከአሸንዳው መውረጃ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ለዝናብ የሚሆነው ታንከር ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ይቀመጣል። ከፍታው የሚያስፈልገው ቤት ውስጥ ባለ ባንቧ ለመጠቀም ከሆነ፣ ከታች ያለውን በፓምፕ ወደ ላይኛው መግፋት ነው መፍትሔው።

መደቡ ራሱ የሠፈሩን አፈር ይጠይቃል። የሞላ ታንከር 2 ቶን ነው። አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ መረሬ (ጥቁር ሸክላ) አፈር ናቸው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ላይ እንዲሁ ብሎኬት ደርድሮ ታንከር ማስቀመጥ ማለት ታንከሩ በዓመቱ ሲያዘነብል ማየት ነው፤ ቀድሞ የሚሰበረውም መውጫው ላይ ቱቦው የሚጠመድበት ጥርስ ነው። መረሬውን ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አውጥቶ ሰለክት (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ 15 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ከነፌሮው ማፍሰስ ያስፈልጋል። መውጫው ላይ ከጋልቫናይዝድ ቱቦው በፊት ግማሽ ሜትር ፍሌክሲብል ይግባ፤ መደቡ ትንሽ ቢንቀሳቀስ እሱ ይታጠፍለታል። ቀይ አፈር ባለበት ይህን ያህል መድከም የለም።

ውሃው ለልብስ ግሩም ነው፤ ማዕድን ስለሌለው ሳሙና ቶሎ አረፋ ይሰጣል። ለመጠጥ ግን በጋውን የተከማቸው አቧራና የእርግብ ኩስ መጀመሪያ መውጣት አለበት። ለ60 ካሬ ጣሪያ የመጀመሪያው 30 ሊትር ይደፋ። ይህን ውሃ ታንከሩ ከመግባቱ በፊት በቱቦ ይዞ ማስቀረት የሚፈልግ ሰው ያስላ፦ አንድ ሜትር 110 ፒቪሲ የሚይዘው 9 ሊትር ያህል ስለሆነ ከ3 ሜትር በላይ ቱቦ ይፈልጋል፤ አሮጌ በርሜል መጠቀም ይቀላል። ባሕር ዛፍ ጣሪያው ላይ የሚረግፍበት ግቢ ውስጥ የታንከሩ መግቢያ ወንፊት በየሳምንቱ ካልታየ ውሃው ቡናማ ይሆንና የቅጠሉ ሽታ አይለቀውም። ከዚያ በኋላም ውሃ አጋር (ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ) በመመሪያው መሠረት መጨመር ወይም ማፍላት ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ክዳኑና የትርፍ ውሃ መውጫው በወባ መከላከያ አጎበር ዓይነት ደቃቅ መረብ ይሸፈን። በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ የከተማ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ደጋ ስለሆነ ዛሬ ስጋቱ ትንሽ ነው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግን ትንኟ ወደ ደጋ የምትወጣበት ዕድል ይሰፋል፣ መረቡ ደግሞ ብዙ አያስወጣም።

የትርፍ ውሃ መውጫውን ቧንቧ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይገጥሙታል። ገቢው 110 ሆኖ ወጪው 20 ከሆነ ውሃው በክዳኑ ነው የሚፈሰው፤ ስለዚህ ወጪውም 110 ይሁን። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ታንከሩ ሙሉ ስለሚሆን የሚዘንበው ሁሉ በዚያ ይወጣል። መረሬ ላይ የማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር ድካም ነው፤ ሸክላው ውሃ አያሰርግም። እስከ መንገዱ ዲች ድረስ ቱቦ ይዘርጉ፣ ከመሠረቱም 3 ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ የጎረቤት አጥር ሥር ይገባና ነሐሴን በሽምግልና ያሳልፋሉ።